የገመዱ ችሎት

ሦስት ቤት አየን፣ በሦስት ቅዳሜ።
እኔ ዋጋ ስጽፍ ከአስጎብኚ ጋር ቆሜ፣
አባቴ ክራቫት፣ ኮትና ባርኔጣ፣
ችሎት እንደሚያስችል ተኮሳትሮ መጣ።

ሃያ ሰባት ዓመት በአውራጃ ፍርድ ቤት
ከሳሽ ከተከሳሽ ያቆመ ፊት ለፊት፣
ዛሬ በዊኒፔግ፣ በጠቆረ በረዶ፣
የራሱን ጉዳይ ሊያይ ከመኪና ወርዶ።

የመጀመሪያው ቤት ዓሣ በመስታወት፣
ፒያኖ፣ ምንጣፍ፣ የሚያምር መብራት።
አስጎብኚዋ ሣቀች፤ ስለ ቢንጎ አወራች፤
የማክሰኞውን ዳንስ፣ ፀጉር ሠሪዋን ሳይቀር ዘረዘረች።
አባቴ «ሽንት ቤቱን ልየው» አለና ገባ።
ዘገየ። ዘገየ። የኔም ሆዴ ባባ።
ሲወጣ ሰዓቱን ከኪሱ መልሶ
«ማንም» አለ ብቻ። ምክንያቱን ጨርሶ
አልነገረኝም።

ሁለተኛው ደግሞ ከወንዙ ዳር፣
ሬድ ሪቨር ይታያል፣ በረዶው ሲሰበር።
እኔስ ወደድኩት፤ መስኮቱ ሰፊ፣
ዋጋው ተከፍሎም አለው ጥቂት ትራፊ።
እሱ ሽንት ቤት ገባ፤ ቆየ፤ ወጣ ዝም ብሎ።
«አስራ አንድ ደቂቃ» አለ፣ ኮቱን አስተካክሎ።

ጎሹ ከካልጋሪ ደወለ በማታ፤
«ሰው ምን ይላል? አጣ እኛ ዘንድ ቦታ?»
እሱ ባለፈው ጥቅምት እዚህ አልነበረም፣
መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ሲነጋ አላየም።
እኔም አልነበርኩም፤ የሌሊት ፈረቃ፤
ስመጣ ወድቋል፣ ቀዝቅዞ እንደ ዕቃ።
«ብዙ ቆየህ?» ስለው፣ «አሁን ነው» አለኝ።
ስንቱን ያስማለ ሰው፣ ያን ቀን ዋሸኝ።

ሦስተኛው ጠባብ ነው፤ ይሸታል ጎመን፤
ሊፍቱ አቃሰተ ፎቅ እስኪያደርሰን።
ሃልያ የምትባል የዩክሬን አሮጊት
ኮሪደሩ ላይ ሹራብ ስትሠራ አገኛት።
በጣት፣ በቅንድብ መረመራት ቆሞ፤
ምግቡስ? እጇን አወዛወዘች። ሌሊቱስ ደግሞ?
ሁለት መዳፏን ከጉንጯ ሥር አድርጋ
ዓይኗን ጨፈነች፤ ማለት፣ እስኪነጋ።

ከዚያ ሽንት ቤት ገባ። እኔም ሰዓት አየሁ።
ያን ጊዜ ነው ከበሩ ጀርባ ያለውን የለየሁ፦
ቀይ ገመድ አለ፣ ከግድግዳው የሚንጠለጠል፣
የወደቀ ሰው ስቦ «ድረሱ» የሚል።

ሮጣ መጣች አንዲት፣ ባንድ እጇ ጓንት፣
ያኘከችው ምሳ ሳይወርድ ካንገት።
ሮዌና ትባላለች።
አባቴ ቆሞ ነበር፤ ምንም አልሆነም፤
«አርባ ሴኮንድ» አለ፤ ሌላ አልተናገረም።
ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ፣
እሱ ሲገባ ነበር አዳራሽ የሚነሣ።

«ትርሲት፣ ብይን ተሰጥቷል፤ ጎሹ ካኮረፈ
ይግባኝ ይበል» አለና ቅጹ ላይ ጻፈ፤
«ቀጸላ» ብሎ ፈረመ፣ በአማርኛ፣
አሰመረበትም፣ እንደ ዱሮው ዳኛ።

ያዛወርነው ዕቃ አንድ መኪና አልሞላም፤
አንድ ወንበር፣ ሬዲዮ፣ የእናቴን ጃንጥላም።
«እዚህ ቤት ውስጥ ይዘንባል?» ብዬ ብቀልድ
ዝም ብሎ ሰቀላት፣ ከቀዩ ገመድ
ጎን።

አሁን ቤቴ ሰፊ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት፣
በከዘራው ግድግዳ ይመታ በነበረበት፣
እነቃለሁ።
ማንም አይመታም። ያችን ጥቅምት አስባለሁ፤
እኔ በሌለሁበት ስንት ጊዜ መታ? እቆጥራለሁ፤
አርባ ሴኮንድ አለፈ፤
አስራ አንድ ደቂቃ፤
ገና ነው።